ሦስት ኳየር በአንድ ቀሚስ

ቪዲዮውን ያያችሁት ትኖራላችሁ። መድረክ ላይ ማይክ ጨብጣ አፏን ከፍታ የቀረችው፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ አንዱ ጫፍ መሬት የሚጠርገው ሴትዮ እኔ ነኝ። ቪዲዮው ሁለት ደቂቃ እንኳን አይሞላም፤ የቀረጸው ሰው በሳቅ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ምስሉም ጥሩ አይደለም። ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልናገር ነው። ሳልጠየቅ መናገር ድሮም ልማዴ ነው፤ ጉዱም የመጣብኝ በዚሁ ልማዴ ነው።

ሰናይት እባላለሁ፤ የናዝሬት ልጅ ነኝ። ወላይታ ሶዶ የመጣሁት ባሌ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ተከትዬው ነው። ቪዲዮው ሲቀረጽ ስምንት ዓመት ኖሬባት ነበር፤ ወላይትኛዬ ግን እንግዳ ከሆነ ሰው አይሻልም ነበር። «ሳሮ» ብዬ ሰላምታ ሰጥቼ እገባለሁ፣ «ጋላታይስ» ብዬ አመስግኜ እወጣለሁ፣ መሀሉን በአማርኛ እሞላዋለሁ። ሰዉም ደግ ነውና ይሞላልኛል።

ንግድ የጀመርኩት ሳሎኔ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ሱቅ ሲዘጋ ወይም ዕቃ አልሸጥ ሲል የቀረውን ልብስ በጅምላ በርካሽ እያነሳሁ ለመምህራን ሚስቶች እሸጥ ነበር። ከሳሎን ወደ መናኸሪያው አጠገብ ወጣሁ፤ «ለሁሉ ይድረስ ቅናሽ ልብስ» የሚል ቢጫ ሰሌዳ ሰቀልኩ። በጊፋታ ሰሞን፣ ወላይታ ዘመን ሲለውጥ፣ ልጁን አዲስ ልብስ ሳያለብስ የሚያሳልፍ ወላጅ የለምና በሬ ላይ ሰልፍ ይያዝ ጀመር። አረካ ሁለተኛውን ከፈትኩ። ቢጠና ሦስተኛውን። ቦዲቲ ላይ ለአራተኛው የቤቱን ቁልፍ ተቀብዬ ነበር። የስም ካርዴ ጀርባ ላይ «ቅርንጫፎቻችን» ብዬ አሳተምኩ።

«ሰናይት፣ ሦስት ሱቅ እኮ ነው ያለሽ» ይለኛል ብሩክ። «እንደ ባንክ አታውሪ።»

«አንተ ደመወዝህን ጠብቅ» እለዋለሁ።

ምስጢሩን ልንገራችሁ? ከእያንዳንዱ ልብስ ላይ ወረቀት ይንጠለጠላል። ወረቀቱ ላይ ትልቅ ዋጋ ተጽፎ በቀይ ተሰርዟል፣ ከሥሩ ትንሽ ዋጋ አለ። ሰው የተሰረዘውን ሲያይ ያተረፈ ይመስለዋል። የተሰረዘውን ዋጋ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የምሰርዘውም እኔ ነኝ፤ ማንም ከፍሎት አያውቅም። አንዳንድ ቀን መሰረዙ ሲደክመኝ ብሩክን አሰርዘዋለሁ። ውሸት ነው ብዬ አስቤው አላውቅም፤ ሽያጭ ነው ብዬ ነበር።

ከሱቆቹ ሁሉ ግን ሀብቴ አስቴር ነበረች። አረካ ያለውን ሱቅ የምትመራልኝ ዝምተኛ ልጅ ናት፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። አንድ ነገር «አስቴር ብላለች» ከተባለ አረካ ላይ ክርክር ያበቃል። የቤተ ክርስቲያኗ ኳየር ዘማሪ ናት፤ ከዚያም አልፎ ትልልቅ ጉባኤ ሲኖር ሰባኪው በአማርኛ የሚናገረውን ጎኑ ቆማ ወደ ወላይትኛ የምታስተረጉመው እሷ ናት። ደንበኛ የሚመጣው ለቀሚሴ ሳይሆን ለእሷ ቃል እንደነበር ያወቅሁት ቆይቶ ነው።

አሁን ወደ ቀሚሱ። አዲስ አበባ አንድ የሠርግ አዳራሽ ለአስተናጋጆቹ ልብስ አሰፍቶ፣ አዳራሹ ሳይከፈት ቀረ። ወይን ጠጅ ቀለም፣ አንገቱ ላይ ወርቃማ ጥልፍ፣ ወገቡ ላይ ወርቃማ መቀነት ያለው ረጅም ቀሚስ። ክምሩን ሳይ ልቤ ስፍስፍ አለ። ዋጋውን ስሰማ ደግሞ ጭራሽ አበድኩ። ሁሉንም ገዝቼ ሶዶ አወረድኩት። ብሩክ ክምሩን አየና፣ «ይሄን ሁሉ አንድ ዓይነት ልብስ ለማን ነው? ለጦር ሠራዊት?» አለኝ።

ለማን እንደሆነ የነገረችኝ አስቴር ናት። «እህት ሰናይት፣ ይሄ ለኳየር ይሆናል» አለች፤ ጨርቁን በጣቶቿ እያሸች። እውነቷን ነው። የዚህ አገር ኳየሮች በዝማሬ አንፎካከርም ይላሉ፣ አይፎካከሩምም። ስለ ልብስ ግን ማንም ምንም አላለም። ለትልቅ ፕሮግራም አዲስ ልብስ ለማሰፋት አባላቱ ወራት ያጠራቅማሉ፤ ቀለሙን እንደ ምስጢር ይደብቁታል።

የአረካው ኳየር ሊወስድ ሲል አስቴር ብቻዬን ጠርታ ጠየቀችኝ።

«ይሄ ልብስ ሌላ ቦታ አይሸጥም አይደል?»

«ለእናንተ ብቻ ነው።»

«ለኳየሩ ልነግራቸው ነው።»

«ንገሪያቸው! ሌላ ሰው ላይ ካያችሁት አምጥታችሁ ፊቴ ላይ ወርውሩት።»

«እሺ» አለችና ሄዳ ነገረቻቸው። የእሷ ቃል አረካ ላይ ምን እንደሚያክል ብዬአችኋለሁ።

በሳምንቱ የቢጠናው ኳየር መሪ ጋሽ ባልቻ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ያየ የለም የሚባሉ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናቸው። ቀሚሱን አገላብጠው አይተው፣ «ለአንድ ትልቅ ፕሮግራም ነው፤ ሌላ እንዳይለብሰው» አሉኝ። «ጋሽ ባልቻ ሙት! ለእናንተ ብቻ» አልኳቸው። ከዚያ የሶዶዎቹ መጡ፤ እነሱም «ለአንድ ትልቅ ፕሮግራም» አሉ፤ እኔም ያንኑ ደገምኩ። አረካ ወዲያ ነው፣ ቢጠና ወዲህ ነው፣ የት ሊገናኙ? ሁሉም በየአጥቢያው ይዘምራል ብዬ ነው። እኔ የተዋሕዶ ልጅ፣ የፕሮቴስታንቱን የጉባኤ ቀን ከየት አውቄ! «ፕሮግራማችሁ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ሃይማኖት አይፈልግም ነበር። ሦስቱም አንድ ፕሮግራም ነው ያላቸው። አልጠየቅሁም፤ አፌ መሸጥ ላይ ነበር።

እሑድ ጠዋት አስቴር ደወለች። «ሶዶ ነን፤ ልብሱን ለብሰን ስንዘምር መጥተሽ ማየት አለብሽ፤ ፊት ለፊት ወንበር ይዤልሻለሁ።» ደስ አለኝ። ነጠላዬን ለበስኩ፣ የስም ካርዶቼን በቦርሳዬ ሞላሁ፣ በባጃጅ ሄድኩ።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰፊ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ሸራ ተወጥሮበት ሰው ጢም ብሏል። እውነትም ከመድረኩ ሥር አንደኛው ረድፍ ላይ አስቀመጡኝ። ጎኔ የተቀመጡት እማማ አልማዝ የሚባሉ ትልቅ እናት እጄን ይዘው፣ «እንኳን መጣህ ልጄ» አሉኝ። እማማ አልማዝ በአማርኛቸው ሁላችንንም ወንድ ያደርጉናል፤ ፍቅራቸው ግን አይሳሳትም።

የአረካው ኳየር ወጣ። አቤት! ወይን ጠጁ በጠዋት ፀሐይ ሲታይ እኔ ራሴ የሸጥኩት አልመሰለኝም። ወንዶቹም ከዚያው ጨርቅ ክራቫት አስረዋል። ሰዉ እልል አለ። አስቴር ከሁለተኛው ረድፍ በዓይኗ ፈለገችኝና ፈገግ አለችልኝ። እኔም ለእማማ አልማዝ ጠጋ ብዬ፣ «የኔ ነው ልብሱ» አልኳቸው። «ተባረክ!» አሉኝ። ያን ጊዜ ተነስቼ ወደ ቤቴ ብሄድ ኖሮ፣ እላለሁ አንዳንዴ።

መጀመሪያ ያየሁት ቀለሙን ነው። በግቢው በር በኩል አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ገብቶ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ወይን ጠጅ ቀሚስ ወረደ። ሌላ ወይን ጠጅ ቀሚስ ወረደ። ከዚያ ጋሽ ባልቻ፣ ወይን ጠጅ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ ወረዱ።

ላብ አጠመቀኝ። ተነሳሁ። እማማ አልማዝ እጄን ያዙ። «የት ትሄዳለህ? ገና እኮ ነው!»

«መጣሁ እማማ፤ አንድ... ዘመድ አይቼ ነው።»

በወንበሮቹ መሀል ጎንበስ ብዬ እየሮጥኩ ወደ በሩ በረርኩ። ሰዉ እየዘመረ ስለሆነ ያየኝ የለም፤ ያየኝም የቸኮለ ጉዳይ ያለኝ መስሎት መንገድ ለቀቀልኝ። ጋሽ ባልቻ ዘንድ ስደርስ ትንፋሼ የለም።

«ጋሽ ባልቻ፣ እንዴት አደሩ! አንዴ ልጆቹን ወደ አውቶቡሱ ይመልሱልኝ።»

«ለምን?»

ምን ልበል? «ቀሚሱ ተገልብጦ ቢለበስ ይሻላል» አልኩ።

ዞረው የልጆቹን ቀሚስ አዩ።

«ውስጡ ያምራል» አልኩ። «እንዲያውም አሁን በአዲስ አበባ እንደዚያ ነው የሚለበሰው። ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጎ።»

«እህቴ» አሉ ጋሽ ባልቻ፣ ተማሪ ፈተና ላይ ሲሰርቅ እንደያዙ ሁሉ ረጋ ብለው፣ «በእግዚአብሔር ቤት ልብስ ገልብጠን እንዘምር?»

«እሺ፣ ጋቢስ? ጋቢ ደርበውበት ቢገቡስ? ብርድ ነው እኮ።»

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጋሽ ባልቻ ግን በትከሻዬ ላይ አሻግረው መድረኩን እያዩ ነበር። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ዞር ስል ደግሞ የባሰ ነው፤ የሶዶው ኳየር በመድረኩ በሌላው ወገን ከጸሎት ክፍል እየወጣ ነው። እነሱም ወይን ጠጅ። ያ ሁሉ ጨርቅ በአንድ ግቢ!

ዝማሬው መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የአረካ ዘማሪዎች የሶዶዎቹን አዩ፤ የሶዶዎቹ የቢጠናዎቹን አዩ፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው ወደ ራሳቸው ልብስ ጎንበስ ብለው አዩ። አንዷ ልጅ ፊቷን በመቀነቷ ሸፈነች። ጋሽ ባልቻ በዝግታ፣ «ለእናንተ ብቻ» አሉ። መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። ሶዶ ግን መሬቷ ጠንካራ ናት።

አስቴር መድረክ ላይ እንደቆመች ፈልጋ አገኘችኝ። ፈገግታው የለም። እሷ ለኳየሯ ምን ብላ እንደነገረቻቸው ሁለታችንም እናውቃለን። የአረካው መሪ ወደ እሷ ዞሮ አንድ ነገር ሲጠይቃት፣ እሷም አንገቷን ስትደፋ አየሁ። ሱቁ ቢዘጋ ይከፈታል፤ የዚያች ልጅ ቃል አንዴ ከወደቀ በምን ይነሳል?

ጉባኤውን የሚመሩት መጋቢ ማይኩን አነሱ። ወፍራም፣ ደስተኛ፣ ነገር ሁሉ መልካም የሚመስላቸው ሰው ናቸው። ሦስቱን ኳየር ተራ በተራ አይተው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«ይሄ ምንድን ነው? ወገኖቼ፣ ይሄ ምንድን ነው? ሦስቱ ኳየሮች አንድ ይሁኑ ብዬ ስንት ዘመን ጸለይኩ! ዛሬ ጌታ አንድ አድርጎ አለበሳቸው! ማን ነው ያለበሳችሁ?»

ከሶዶው ኳየር አንዷ በቀጭን ድምፅ፣ «ለሁሉ ይድረስ» አለች። ሰዉ ይህን መልስ የሱቅ ስም ነው ብሎ አልወሰደውም፤ «አሜን!» ብሎ ጮኸ።

«እህት ሰናይት እዚያ ናት!» አለ ሌላው። መጋቢው፣ «ትምጣ! ትምጣና ጌታ እንዴት እንዳሳያት ትመስክር!»

ምስክርነት ለማታውቁ፦ ሰው መድረክ ወጥቶ እግዚአብሔር ያደረገለትን ለጉባኤው ይናገራል። ደግ ልማድ ነው። እኔ ግን በዕድሜዬ መስክሬ የማውቀው አንድ ጊዜ፣ ለጎረቤቴ የአጥር ክርክር ነው። እየገፉ አወጡኝ። እግሬ ሲወጣ ልቤ ሌላ ነገር ያሰላ ጀመር፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። መጋቢው ራሳቸው መውጫ ከፍተውልኛል! ራእይ ነው ካልኩ ማንም አልተዋሸም፤ ሦስቱም ኳየር የተመረጡ ይሆናሉ፤ ጋሽ ባልቻም ዝም ይላሉ፤ አስቴርም ትድናለች። ቦዲቲም ይከፈታል። በዞኑ ውስጥ ያለ ኳየር ሁሉ ከእኔ ገዝቶ ሊለብስ ነው።

«አስቴር ታስተርጉም» አሉ መጋቢው። ከኳየሩ መሀል ወጥታ፣ በዚያው ወይን ጠጅ ቀሚስ፣ ጎኔ ቆመች። አላየችኝም።

ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። «አንድ ቀን» አልኩ፣ «ተኝቼ ሳለ...»

አማርኛ የሚሰማው የጉባኤው ግማሽ «አሜን!» ብሎ አስተጋባ። የቀረው ግማሽ ትርጉሙን ይጠብቃል። አስቴር ዝም።

ያልሰማችኝ መሰለኝ። «አንድ ቀን ተኝቼ ሳለ» አልኩ ጮክ ብዬ። ግማሹ እንደገና «አሜን!» አለ። ግማሹ አንገቱን አስግጎ አስቴርን ያያል። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አደረጉ። አስቴር ዝም።

ማይኩን ወደ ታች አድርጌ፣ «ምን ሆነሻል? ተርጉሚ እንጂ» አልኳት በሹክሹክታ።

«ይሄ ከእኔ አፍ አይወጣም፣ እህት ሰናይት።»

«ላንቺም እኮ ብዬ ነው!»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ እውነቱን ተናገሪ፤ እሱን እተረጉመዋለሁ።»

ቪዲዮው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አፌን ከፍቼ የቀረሁት፣ ነጠላዬ የተንሸራተተው። ምን ያህል ቆየሁ? ብሩክ አስራ አንድ ሴኮንድ ነው ይላል፤ ደጋግሞ አይቶታል። ለእኔ የክረምት ያህል ነበር። የአስቴርን እጅ አየሁት፤ ወርቃማውን መቀነት አጥብቆ ጨብጧል። እሷም ፈርታለች። እየፈራች ነው እምቢ ያለችው።

«አልተኛሁም» አልኩ ማይኩን አንስቼ። «ሕልም የለም፤ ራእይም የለም። አንድ ዓይነት ልብስ በርካሽ አግኝቼ ገዛሁ። ለሦስቱም ኳየር ‘ለእናንተ ብቻ ነው’ ብዬ ሸጥኩ። ዋሸኋችሁ። ይቅር በሉኝ።»

አሁን አስቴር ቀና አለች፤ ጥርት ባለ ድምፅ ተረጎመችው። የሚገርመው እኔ በአንድ ትንፋሽ የጨረስኩትን እሷ ረዘም አድርጋ ነው የተናገረችው። አንድ ቦታ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ፤ የአረካ ኳየር አባላት እርስ በርስ ተያዩ። ምን እንደጨመረች አላወቅሁም። ውሸቴን አሳምራ እያወጣችው መስሎኝ፣ ይገባኛል አልኩ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ማንም አስተዋይ ሰው እዚያ ላይ ማይኩን ይመልሳል። እኔ ግን አንዴ እውነት መናገር ስጀምር መቆሚያው ጠፋኝ፤ እንደ ተበላሸ ቧንቧ።

«ደግሞ» አልኩ፣ «ቀሚሱ የኳየር አይደለም፤ ለአስተናጋጆች የተሰፋ ነው።»

አስቴር ዓይኗን አፈጠጠችብኝ፤ ተረጎመች። ከኋላ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ሰማሁ፤ ሳቁን ሊደብቅ ነው።

«ደግሞ፣ ሱቄ ውስጥ ያለው የተሰረዘ ዋጋ የውሸት ነው። እኔው ነኝ የምጽፈው፣ እኔው ነኝ የምሰርዘው። ባሌም ያግዘኛል።»

አስቴር ተረጎመች። አሁን እዚህም እዚያም ሳቅ አመለጠ።

«ደግሞ ‘ዛሬ የመጨረሻ ቀን’ የሚለው ሰሌዳ ከተሰቀለ ሁለት ዓመት ሆኖታል—»

«ይበቃል እህት ሰናይት» አለች አስቴር፣ በማይኩ ውስጥ። «የቀረውን ለእግዚአብሔር ንገሪ።»

ሸራው የሚቀደድ መሰለኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ ሳቀ፤ አስቀድሞ አማርኛ የሚሰማው፣ ቀጥሎ ከጎኑ ያስተረጎመው። እማማ አልማዝ ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቃሉ። መጋቢው ማይኩን ሲቀበሉኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ አላወቅሁም። «ወገኖቼ» አሉ፣ «እኔም ሳልጠይቅ ራእይ ነው ብያለሁ፤ ቸኩያለሁ። ይቅር በሉኝ። ልብሱን አይተናል፤ አሁን ዝማሬውን እንስማ።» በሳቁ ያልተባበሩ አንድ ሰው ብቻ አየሁ። ጋሽ ባልቻ።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። የአረካው መሪ ወደ አስቴር ሲሄድ አየሁ፤ ሊቆጣት ነው ብዬ ተነሳሁ። እሱ ግን አቀፋት። የቀሩትም ተራ በተራ አቀፏት።

«እማማ» አልኳቸው እማማ አልማዝን፣ «ቅድም ስትተረጉም ምን ብላ ነው የጨመረችው?»

«አንተ አላወቅህም?» አሉኝ ተገርመው። «የአረካውን የሸጥኩት እኔ ነኝ አለ። ሳላጣራ ቃል ገባሁ፤ ሰናይትን ይቅር የምትሉት ከሆነ እኔንም አብራችሁ ይቅር በሉ አለ።»

አለቀስኩ። በነጠላዬ ጫፍ ተሸፍኜ፣ ሦስት ወይን ጠጅ ኳየር እየዘመረልኝ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስምንት ዓመት በኖርኩበት አገር፣ ስለ እኔ የተነገረውን ትልቁን ነገር በአስተርጓሚ ነው የሰማሁት።

ከጉባኤው በኋላ አስቴርን በሩ ላይ አገኘኋት። «ነገ ሱቁን ልክፈት?» አለችኝ።

«ክፈቺ።»

«እሺ። መጀመሪያ ግን የተሰረዙትን ወረቀቶች አወርዳለሁ።»

ውድቀቱ ከዚያ በኋላ ፈጣን ነበር። ቪዲዮው እኔ ቤቴ ሳልደርስ አረካ ደርሷል። ሰዎች ልብስ ሊገዙ ሳይሆን ወረቀቱን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ፎቶ እያነሱ እየሳቁ ይወጣሉ። ወረቀቶቹ ሲወርዱ ደግሞ ቅናሽ የለም ብለው ሄዱ። የቦዲቲውን ቁልፍ መለስኩ። ቢጠና ተዘጋ። አረካ ተዘጋ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነው የተተረተው። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ብቻ ቀረ፤ ሰሌዳውም አሁን «የሰናይት ልብስ ቤት» ብቻ ነው የሚለው። አረካ ላይ ያንኑ ቤት አስቴር ለራሷ ተከራየችው፤ መደርደሪያዎቼም ከነቀለማቸው እዚያው አሉ። ከእኔ የበለጠ ትሸጣለች፤ አልቀናም ብል እንደገና መዋሸት ይሆናል።

የአረካው ኳየር ልብሱን መለሰ። ፊቴ ላይ እንዲወረውሩት ብዬ አልነበር? አንዱም አልወረወረም። አጥበው፣ ተኩሰው፣ አጥፈው በካርቶን አመጡልኝ። ወርውረውት ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባላመመኝ። የሶዶዎቹ ጥቁር አስነክረው ለሌላ ጊዜ ልብስ አደረጉት። የቢጠናዎቹ ግን አልመለሱም፣ አላስነከሩምም።

አንባቢዎቼ፣ እናንተ መቼም ሱቅ የላችሁም ይሆናል። ግን ሁላችንም በሌላ ሰው አፍ የምናስወጣው ነገር አለን። ለልጃችን «የለም በላቸው» እንላለን፤ ለጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ነው በይ» እንላለን፤ እኔም «ንገሪያቸው» ብዬ ነበር። ቀላል ይመስላል፤ የራሳችን ምላስ አልቆሸሸማ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ከመላኬ በፊት፣ ይህን በራሴ አፍ እለዋለሁ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ መልሱ አልለውም ነው፤ ስለዚህ ድሮ እንደማወራው አላወራም። ብሩክ በዚህ በጣም ተጠቅሟል።

አስተርጓሚ አያስፈልገኝም ብዬም ወላይትኛ መማር ጀመርኩ። እማማ አልማዝ ያስተምሩኛል። አንድ ወር ሙሉ ይቅርታዬን በወላይትኛ አጠናሁና፣ ብቻዬን ቢጠና ወረድኩ። ጋሽ ባልቻን ከኳየራቸው ጋር ልምምድ ላይ አገኘኋቸው። ፊታቸው ቆሜ ያጠናሁትን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ።

ስጨርስ ወደ መሬት አቀረቀሩ። ከዚያ እኒያ ሲስቁ ያየ የለም የተባሉት ሰው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«እህቴ» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ይቅር ብለንሻል። ከእንግዲህ ግን በአማርኛ ቀጥይ።»

ኳየሩ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ወንበር አመጡልኝ። «ቀሚሶቹን ልወስድ ነው የመጣሁት» አልኩ። «ብራችሁን እመልሳለሁ።»

«አንመልስም» አሉ ጋሽ ባልቻ።

«ለምን? ሰው ሁሉ ታሪኩን ያውቃል እኮ። ስትወጡ አይስቅባችሁም?»

«ይስቃል» አሉ። «ይሄን ልብስ ለብሰን መድረክ ስንወጣ ገና አፋችንን ሳንከፍት ጉባኤው ይስቃል። ሳቁ ሲያልቅ ደግሞ ፊቱ ተፈትቶ፣ ወሬውን ትቶ፣ ጸጥ ብሎ ያዳምጠናል። ሃያ ዓመት በሱፍ ልብስ፣ በክራቫት ዘምረናል፤ እንደ አሁን ሰምቶን አያውቅም።»